የብር ማንኪያና የፖርሴሊን ሰሃን ለነጋዴ ልንሸጥ ነው፤ ከመስማማታችን በፊት ምን እንወቅ?

የጓዳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ካረፈች ስድስት ወር ሆናት። ቤቷን ስናጣራ ከቁም ሳጥኑ ታች አንድ የእንጨት ሳጥን ሙሉ የብር ሹካና ማንኪያ፣ ከላዩ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ የፖርሴሊን ሰሃንና ስኒ አገኘን። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ልንሸጠው ተስማምተናል። ማናችንም ቤት ማስቀመጫ የለም፤ እሷም በሕይወት እያለች «ሸጣችሁ ተካፈሉት» ትለን ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ቤት ድረስ መጣ። ሳጥኑን ከፍቶ አየ፣ ሁለት ሰሃን ገለበጠ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ለሁሉም አንድ ዋጋ ጠራልን። «ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» አለ። ታላቅ ወንድሜ ሊቀበል ሲል እኔ አስቆምኩት። ሰውየው አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ምን እንደምሸጥ ሳላውቅ መሸጥ ግን ከበደኝ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው፦ 12 ሹካ፣ 11 ማንኪያ፣ 12 ቢላዋ፣ አንድ ትልቅ ጭልፋ። ፖርሴሊኑ 10 ትልቅ ሰሃን፣ 12 ስኒ፣ 9 የስኒ ሰሃን፣ አንድ ባለክዳን የሾርባ ዕቃ። ከየት ልጀምር?

የድሮ ሚዛን

ነፍሷን ይማር። ልጄ፣ ያስቆምሽው ደግ አደረግሽ። እኔ ሃያ ዓመት በላይ ይህንኑ ስገዛና ስሸጥ ኖሬ አሁን ትቼዋለሁ፤ ስለዚህ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚያስብ ልንገርሽ።

ነጋዴ ለሁሉም አንድ ዋጋ ሲጠራ በልቡ ያሰላው አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ነው። ከእነሱ ትርፉን ካወጣ የቀረው በነፃ ገባለት። ይህን ማድረጉ ወንጀል አይደለም፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ሊቀመጥበት ይችላል፣ የሚሰበርም አለ፣ የቤት ኪራይም አለ። ለዚህ ነው ነጋዴ የሚከፍልሽ እሱ ከሚሸጥበት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በታች የሚሆነው። ይህን ቀድመሽ ካወቅሽ አትናደጂም። የሚያናድደው የትኛው ዕቃ ዋጋ እንዳወጣ ሳታውቂ ስትቀሪ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ መለየት ነው። ብሩን ከፖርሴሊኑ ለዪ። ከዚያ ብሩን እያንዳንዱን ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። ሁሉንም፣ አንድም ሳይቀር። በአንድ ሳጥን ስለተቀመጡ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም። በአጉሊ መነጽር ያየሽውን ማህተም እዚህ ጻፊልን። አትወልውዪው፤ መጀመሪያ እንየው።

እርሳስና ወረቀት

በጋሼ ሐሳብ ላይ አንድ ልጨምር። ዕቃውን ስትቆጥሪ በወረቀት ላይ ዝርዝር አውጪ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ክብደቱን በግራም ጻፊ። ቢላዎቹን ለብቻ መዝኚ። ዋጋ የሚጠራልሽ ሰው ሁሉ በዚያ ዝርዝር ላይ በየመስመሩ እንዲናገር ጠይቂው። በየመስመሩ ለመናገር እምቢ ያለውን ሰው አልፌዋለሁ እኔ።

የጓዳ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ትናንት ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአጉሊ መነጽር አየነው።

ሹካውና ማንኪያው ጀርባ ላይ አራት ትንንሽ ማህተሞች በመስመር አሉ። አንዱ አንድ እግሩን አንስቶ የሚራመድ አንበሳ ነው፣ አንዱ መልህቅ፣ አንዱ አንድ ነጠላ የላቲን ፊደል፣ አንዱ ሁለት ፊደል። ቢላዎቹ እጀታቸው ላይ በጣም የደበዘዘ አንበሳ ይታያል፣ ስለቱ ላይ ግን «የማይዝግ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጭልፋው አንበሳ የለውም፤ አራት የላቲን ፊደላት በየራሳቸው ሳጥን ውስጥ አሉት፦ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ።

ክብደት፦ ሹካ፣ ማንኪያና ጭልፋ አንድ ላይ 1,555 ግራም። ቢላዎቹን ለብቻ አደረግናቸው።

ማህተም አንባቢ

የጓዳ ልጅ፣ በጣም ጥሩ አድርገሽ ገልጸሽዋል።

የሚራመደው አንበሳ የእንግሊዝ ምልክት ነው። ከ1544 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ሲሆን ዕቃው ስተርሊንግ መሆኑን ይነግርሻል፤ ማለት ከ1,000 እጅ 925ቱ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። መልህቁ ዕቃው የተፈተሸበትን ከተማ ያሳያል፤ መልህቅ የበርሚንግሃም ነው። የነብር ራስ ቢሆን ለንደን፣ ዘውድ ቢሆን የድሮው ሼፊልድ ይሆን ነበር፤ ሼፊልድ ከ1975 ወዲህ ጽጌረዳ ነው የሚመታው። ነጠላዋ ፊደል ዓመቱን ትናገራለች፤ የፊደሏ ቅርጽና የሳጥኗ ቅርጽ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ከሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ይጠይቃል። ሁለቱ ፊደላት የአንጥረኛው ናቸው።

ጭልፋውን በተመለከተ አዝናለሁ። እነዚያ አራት ፊደላት «በኤሌክትሪክ የተለበጠ ኒኬል ሲልቨር» ለሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ናቸው። ኒኬል ሲልቨር ራሱ ስሙ ነው እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ላዩ ላይ ብቻ ስስ ብር አለው። ይህን የኤሌክትሪክ ልባጥ በ1840 የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን በፓተንት ካስመዘገበው ወዲህ ዓለምን አጥለቅልቋል። ስለዚህ ጭልፋውን ከክብደቱ አውጪው።

የጓዳ ልጅ

ጭልፋው! እኛ ከሁሉ ውዱ እሱ ነው ብለን ነበር፣ ትልቅና የሚያበራ ስለሆነ። ለብቻው 180 ግራም ነው። እንግዲህ 1,375 ግራም ቀረን።

የድሮ ሚዛን

ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ነው የሚሳሳተው። ልባጥ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው በላይ ያበራል። ሌሎችም የሚያሳስቱ ቁጥሮች አሉ። «90» ወይም «100» የሚል ቁጥር ያለበት የአውሮፓ ማንኪያ ሲመጣ ሰው «90 ከመቶ ብር» ብሎ ያነባል፤ እሱ ለብዙ ማንኪያና ሹካ ልባጥ በአንድነት የዋለውን የብር ግራም የሚያመለክት ነው። «1847» የሚለውን ከሮጀርስ ብራዘርስ ስም ጋር ያየ ሰው ደግሞ የተሠራበት ዘመን ይመስለዋል፤ የምርቱ ስም አካል ነው፣ ዕቃውም ልባጥ ነው። እነዚህን ይዘው የመጡ ሰዎችን ፊት ስንት ጊዜ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ መንገር ያስጨንቃል።

ማግኔት ሞክሪ የሚሉሽ ይኖራሉ። ማግኔት የሳበው ዕቃ ብር አይደለም፣ ይህ እርግጥ ነው። ያልሳበው ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ መዳብም ናስም ኒኬል ሲልቨርም አይሳቡም። ማህተሙን እመኚ፣ ከተጠራጠርሽ አንጥረኛ ይፈትሽልሽ፤ ሲፈትሽ ግን በማይታይ ቦታ ይሁን፣ አሲዱ ምልክት ይተዋል።

አሁን ሒሳቡ። 1,375 ግራም ሲባዛ በ0.925 ወደ 1,272 ግራም ንጹህ ብር ይሆናል። ብር በዓለም ገበያ የሚሸጠው በትሮይ አውንስ ነው፤ አንዱ 31.1035 ግራም። ስለዚህ 41 አውንስ ሊሞላ ትንሽ የጎደለው አለሽ። ይህን በዕለቱ የብር ዋጋ አባዢው፤ ያ የወለሉ፣ ማለት ብሩ ቢቀልጥ የሚያወጣው፣ ዋጋ ነው። ነጋዴውም አቅላጩም ከዚህ ላይ የራሱን ድርሻ ይቀንሳል፣ እሱ ያለ ነው፣ ግን ከምን ላይ እንደቀነሰ ታውቂያለሽ። በኩሽና ሚዛን ላይ ያለው አውንስ ሌላ ነው፣ 28.35 ግራም፤ በእሱ ከሠራሽ ያለሽን አብዝተሽ ትቆጥሪና ኋላ ታዝኛለሽ። በግራም ብቻ መዝኚ።

እርሳስና ወረቀት

ጋሼ በጣም ያስፈለገውን ነገር ነኩት። እኔ የደረሰብኝን ልናገር።

ከአምስት ዓመት በፊት የእናቴን ማንኪያዎች ለአንድ ነጋዴ ወሰድኩ። ዋጋውን «በክብደት ይህን ያህል» ብሎ በቃል ነገረኝ፣ እኔም በግራም መሰለኝ። ሚዛኑን ዞር አድርጎ መዝኖ ቁጥሩን ጻፈ። ቤት ገብቼ ቁጥሩ ለምን ትንሽ ሆነ ብዬ ሳሰላ ለካ በፔኒዌይት ነው የመዘነው። አንድ ፔኒዌይት 1.555 ግራም ነው። የአንድ ግራም ዋጋ ሰጥቶኝ ከአንድ ግራም ተኩል በላይ ብር ወሰደ ማለት ነው፤ ከሲሶ በላይ ነው ያጣሁት። ተመልሼ ስጠይቅ «ግራም ያለህ ማን ነው?» አለኝ። ማንም አላለኝም ነበር፤ እውነቱን ነው። የእናቴ ዕቃ ስለነበረ እስካሁን ያመኛል።

እባክሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ መለኪያው ምንድነው፣ ንጽህናው በስንት ተሰላ፣ የዛሬ የብር ዋጋ ስንት ተያዘ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ሚዛኑም ወደ አንቺ ይዙር።

ቀጥታ ሻጭ

እኔ ግን ለምን ነጋዴ ጋ ትሄዳለች እላለሁ። ፎቶ አንስታ በኢንተርኔት ራሷ ብትሸጥ የነጋዴው ድርሻ ይቀርላታል።

የድሮ ሚዛን

ጊዜና ትዕግሥት ላለው ሰው ትክክል ነህ። ግን ለሦስት ወንድማማች የሚካፈል ውርስ ነው። እያንዳንዱን ሹካ ፎቶ ማንሳት፣ ለጠያቂ ሁሉ መመለስ፣ ማሸግ፣ መላክ፣ ተሰበረ ብሎ የሚመልስን ማስተናገድ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል፣ ገንዘቡ ግን ለሦስት ይከፈላል። ከዚህ የተነሳ የተቀያየሙ ወንድማማቾች አውቃለሁ። የዚህን ድካም ዋጋ መጀመሪያ ተነጋገሩበት።

ቢላዎቹን ሳልረሳ፦ እጀታቸው ውስጡ ባዶ የሆነ ስስ ብር ሲሆን በሙጫ ወይም በሲሚንቶ መሰል ነገር ተሞልቷል፤ ስለቱም ብረት ነው። በመላ ክብደታቸው የሚያሰላልሽ ሰው የለም፣ ካለም ተሳስቷል። ለማቅለጥ ብዙም አይረቡም። ዋጋ የሚያወጡት ለሚጠቀምባቸው ሰው ነው፣ ስለዚህ ከሹካዎቹ አትነጥያቸው። የሻማ መቅረዝ ያላችሁ አንባቢዎችም ይህን ልብ በሉ፤ ግርጌው የከበደው ብዙ ጊዜ በሙሌት ነው።

ስንጥቅ አዳኝ

ለብሩ ጋሼ አሉላችሁ፤ ለሰሃኑ እኔ ልምጣ። ፖርሴሊን እሰበስባለሁ፣ ለነጋዴም ሸጬ አውቃለሁ።

እህቴ፣ ፖርሴሊን እንደ ብር ወለል የለውም። ብር ቢያንስ ይቀልጣል። ሰሃን ግን የሚፈልገው ሰው ከሌለ ዋጋው ባዶ ነው፣ የቱንም ያህል ቢያምር። የዛሬ ቤተሰብ የወርቅ ጠርዝ ያለውን ሰሃን ማይክሮዌቭ ውስጥ ማስገባት አይችልም፣ በማሽን ቢያጥበው ወርቁ ይለቃል፣ ለ12 ሰው የሚበቃ ስብስብ የሚያስቀምጥበትም የለውም። ለዚህ ነው ነጋዴዎች ሙሉ ስብስብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን የሚያዞሩት። ይህን የምልሽ እንዳትደነግጪ ነው።

የሚፈለገው ምንድነው? በየቤቱ አንድ ብቻ የነበረው ዕቃ። ሰሃን በደርዘን ተገዛ፣ ባለክዳኑ የሾርባ ዕቃ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ ክዳኑም ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ክዳኑ በደህና ያለው ባለክዳን ዕቃ፣ ትልቁ ሞላላ ማቅረቢያ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው፣ ክዳን ያለው የስኳር ዕቃ፤ እነዚህ ናቸው ነጋዴ የሚይዛቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስብስቡ የጎደለበት ሰው ነው፤ «ሁለት ሰሃን ተሰብሮብኛል» ብሎ ያንኑ ንድፍ የሚፈልግ። በንድፍ ስም እየለዩ አንድ በአንድ የሚገዙ ነጋዴዎች አሉ፤ የአንቺ 10 ሰሃን ለእነሱ ጥሩ ነው።

ጀርባውን ምን ይላል?

የጓዳ ልጅ

ሰሃኖቹ ጀርባ ላይ ሁለት ማህተም አለ። አንዱ አረንጓዴ፣ ከመስታወታማው ቅብ ሥር ያለ ይመስላል፤ ሌላው ቀይ፣ ከላዩ። ሁለቱም ላይ ሊሞዥ የሚል አለ። ሊሞዥ ታዋቂ ፋብሪካ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንግዲህ ጥሩ ነው?

ስንጥቅ አዳኝ

ሊሞዥ ፋብሪካ አይደለም፣ የፈረንሳይ ከተማ ነው። በ1760ዎቹ መጨረሻ በአቅራቢያዋ ነጭ የሸክላ አፈር ስለተገኘ ብዙ ፋብሪካዎች ተተከሉባት። ስለዚህ «ሊሞዥ» ብቻ ማለት ለነጋዴው ምንም አይነግረውም። አረንጓዴው ነጩን ሰሃን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ ቀዩ ደግሞ ሥዕሉንና ወርቁን የቀባው ቤት። ሁለቱንም ስም ይዘሽ ቅረቢ።

ይህ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል፦ በስም ብቻ አትደንግጡ። የጀርመኑን የፖርሴሊን ፋብሪካ የማይሰንን ሁለት የተጠላለፉ ሰይፎች ያላስመሰለ የለም። ፋብሪካው በ1710 ከተቋቋመ ጀምሮ ስሙ ስለገነነ ሌሎች ሰይፍ የሚመስል ነገር ሁሉ ስለውበታል። እውነተኛው ማይሰን እንኳ በሰይፎቹ ላይ በመሣሪያ የተፋቀ መስመር ካለ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ እንከን አግኝቶበት ሁለተኛ ደረጃ ያለው ነው። «ኒፖን» የሚል ያገኘ ደግሞ ይህ የጃፓን ዕቃ መሆኑን ይወቅ፤ አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ የሚገባ ዕቃ የአገሩን ስም እንዲይዝ አዝዛ ነበር፣ ከ1921 በኋላ ደግሞ «ጃፓን» ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቀች። እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ዘመንን ትጠቁማለች።

አሁን እያንዳንዱን እንዲህ ፈትሺ። ሰሃኑን በመዳፍሽ ላይ አሳርፈሽ ጠርዙን በጣትሽ ጥፍር ቀስ ብለሽ ምቺው። ጤነኛው ረዘም ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይሞታል። ከዚያ በመብራት ፊት ያዢው፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያኔ ይታያል። ጠርዙን ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ ዙሪው፤ ዓይን ያልያዘውን ሽርፍራፊ ጣት ይይዘዋል። የክዳኑን እጀታ በአልትራቫዮሌት መብራት እዪ፣ ተጠግኖ ከሆነ ሙጫውና ቀለሙ ከቀረው ተለይቶ ያበራል። ቢላዋ የተወው ግራጫ ጭረትና የደበዘዘ ወርቅም በዝርዝርሽ ላይ ይግባ። ጉድለቱን አንቺ ቀድመሽ ከተናገርሽ ነጋዴው የቀረውን ያምንሻል።

የጓዳ ልጅ

አደረግሁት! ከ10ሩ ሰሃን አንዱ ድምፁ የሞተ ነው፣ በመብራት ሳየው ከጠርዝ እስከ መሃል ስንጥቅ አለው። አራቱ ወርቃቸው ደብዝዟል። የሾርባው ዕቃ ግን ክዳኑም እጀታውም ጤነኛ ነው።

አሁን ሌላ ጉድ አለ። ያ የመጀመሪያው ነጋዴ ደውሎ «ሌላውን ተዉት፣ የሾርባውን ዕቃና ሹካዎቹን ብቻ ልውሰድ» አለን።

ስንጥቅ አዳኝ

አትስጪው! ማለቴ ለብቻው አትስጪው። የሾርባው ዕቃ ከወጣ ሰሃኖቹን ማንም አይጠይቅሽም። እሱን የሚፈልገውን ሰው ሰሃኖቹንም እንዲያነሳ ማድረግ የምትችይው አሁን ብቻ ነው።

ቀጥታ ሻጭ

በዚህ አልስማማም። አንድን ጥሩ ዕቃ ከደካማ ጋር ስታስሪ ደካማው ጥሩውን ዋጋውን ያወርደዋል። ለሾርባው ዕቃ ጥሩ ከከፈለ ይውሰድ፤ ሰሃኖቹን ይብሉባቸው።

የድሮ ሚዛን

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ የሚለያየው ሻጩ የሚፈልገው ነገር ነው። ገንዘቡን ከፍ ለማድረግ ለብቻ መሸጥ ይሻላል። ቤቱን ባዶ ለማድረግ አብሮ ማሰር። ልጄ፣ ሁለት ዋጋ ጠይቂው፦ ለብቻው ስንት፣ ከሰሃኖቹ ጋር ስንት። ልዩነቱን ስታዪ የሰሃኖቹን ዋጋ እሱ ራሱ ነገረሽ ማለት ነው።

ሹካዎቹን ግን ላቅላጭ እንዳትሰጡብኝ። ይህን ከልቤ ነው የምለምነው። በ1980 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የሃንት ወንድማማቾች የሚባሉ የአሜሪካ ባለጠጎች ብር እየሰበሰቡ ዋጋው ወደ 50 ዶላር በአውንስ ሲደርስ ሰው ሁሉ የቤቱን ብር ለእቶን ሰጠ። ስንት የእጅ ሥራ በዚያ ጊዜ ጠፋ። በዚያው ዓመት መጋቢት ዋጋው ተንኮታኮተ፤ የቀለጠው ግን አልተመለሰም። ንድፉ የሚፈለግ ከሆነ ሹካው ከክብደቱ በላይ ያወጣል። መጀመሪያ በንድፍ የሚገዛ ይየው፤ እምቢ ካለ በኋላ ነው ወለሉ።

የጓዳ ልጅ

እሺ ጋሼ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሹካዎቹ ላይ የባለቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ተቀርጾባቸዋል፤ ላስጠፋው? ብሩም ጠቁሯል፤ ልወልውለው?

የድሮ ሚዛን

ፊደሉን አትንኪው። የሚጠፋው ብሩን በመፋቅ ነው፤ ቦታው ይሳሳና ጎድጎድ ይላል፣ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይታያል። ፊደል መኖሩ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል፣ የተፋቀ ግን ይበልጥ ይቀንሳል።

ስለመወልወል፦ በለስላሳ ጨርቅና በለዘብተኛ ሳሙና አጥበሽ አድርቂው፣ ይበቃል። በአሉሚኒየም ወረቀትና በቤኪንግ ሶዳ ሙቅ ውኃ ውስጥ የሚነክሩ አሉ። ጥቁረቱን እውነትም ያነሳዋል፣ ነገር ግን በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ሆኖ ንድፉን የሚያጎላውን ጥላም አብሮ ይወስዳል። ቢላዎቹን ደግሞ ፈጽሞ እንዳትነክሪ፤ ውኃ እጀታው ውስጥ ይገባና ሙሌቱ ይለቃል። እና አደራ፣ በላስቲክ አትሰሪያቸው። ላስቲክ ውስጥ ያለው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋል፣ ያ መስመር በቀላሉ አይለቅም።

እርሳስና ወረቀት

በፖስታ ለሚልኩ ደግሞ ይህን ልበል። ሩቅ ላለ ነጋዴ ከመላካችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ፦ ዕቃው ደርሶ ዋጋውን ቢቀንስ የመመለሻውን ወጪ ማን ይከፍላል? አንድ ዘመዴ ይህን ሳትጠይቅ ልካ ነጋዴው «ስንጥቅ አገኘሁበት» ብሎ ዋጋውን በግማሽ ጣለባት፤ የማስመለሻው ወጪ ከቀረው ዋጋ ስለሚበልጥ ተቀበለች። ስንጥቁ ቀድሞ ይኑር በመንገድ ይምጣ ማንም አያውቅም፣ ከመላኳ በፊት ፎቶ አላነሳችም ነበርና።

ስታሽጉ ሰሃኑን በጠርዙ አቁሙት፣ አታጋድሙት። ስኒ በስኒ ውስጥ አይክተት። ክዳን ለብቻው ይጠቅለል። ካርቶኑ በሌላ ካርቶን ውስጥ ይግባ፣ በመሃላቸው መከታ ይኑር። ጋዜጣ በቀጥታ አታስነኩት፣ ቀለሙ ወርቁ ላይ ይጋባል።

የጓዳ ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ዝርዝሩን ይዘን ሦስት ነጋዴ ጋ ሄድን። አንዱ በየመስመሩ አልናገርም አለ፣ ወጣን። ሁለተኛው ሹካውን፣ ማንኪያውንና ቢላዋውን አብሮ ወሰደ፤ ንድፉን አወቀው፣ እኔ ካሰላሁት የክብደት ዋጋም ከፍ አድርጎ ከፈለ። ሚዛኑን ወደ እኛ እንዲያዞር ስጠይቀው ምንም ሳይከፋው አዞረ። 11 ማንኪያ መሆኑን እኔው ቀድሜ ስነግረው «ባትነግሪኝም እቆጥር ነበር፣ ግን ደስ አለኝ» አለ።

የሾርባውን ዕቃ የወሰደው የመጀመሪያው ነጋዴ ነው። ሁለቱንም ዋጋ ጠየቅነው። ለብቻው የሰጠውና ከሰሃኖቹ ጋር የሰጠው ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ «ይሂድ፣ ቤቱ ይጽዳ» አለ፣ ተስማማን። ስንጥቅ ያለበትን ሰሃን አውጥተን 9 ሰጠነው። የሾርባው ዕቃ ብቻውን ያወጣው ያ ሰውዬ በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ከጠራው ዋጋ ግማሽ በላይ ነው! ስኒዎቹን ማንም አልፈለጋቸውም፣ አሁን እኔ ቤት ናቸው። ጭልፋውን ታናሽ ወንድሜ ወሰደው።

ስንጥቅ አዳኝ

እልል! ስኒዎቹን የንድፉን ስም ካገኘሽ አንድ በአንድ ለሚገዙት ጻፊላቸው፤ ስኒና ሰሃኑ ዘጠኝ ጥንድ ስለሚሞላ ጥንዶቹን ብቻ አቅርቢ። ትርፎቹን ሦስት ስኒዎች ለብቻ አስቀሪያቸው።

ጀማሪ 7

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ይህን ሁሉ አንብቤ የእኛን መሳቢያ ከፈትኩ። አንድ ማንኪያ ላይ «84» የሚል ቁጥር አገኘሁ። 84 ከመቶ ነው ወይስ እንደ 90ው ልባጥ ነው?

ማህተም አንባቢ

ሁለቱም አይደለም። 84 የንጉሣዊቷ ሩሲያ መለኪያ ነው። እነሱ ንጹህ ብርን በ96 ዞሎትኒክ (የድሮ የሩሲያ የክብደት መለኪያ) ይቆጥሩ ስለነበር 84ቱን ለ96 ስታካፍዪ 0.875 ይመጣል፤ ማለት ከ1,000 እጅ 875። እውነተኛ ከሆነ ጥሩ ብር ነው። ሐሰተኛ 84 ግን በብዛት ይሠራል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ከአጠገቡ ራስ መሸፈኛ ያደረገች ሴት ራስ በጎን ወይም የከተማ አርማ፣ የአንጥረኛውም ፊደላት መኖር አለባቸው። ማንኪያውን ሳትወለውዪ በመስኮት ብርሃን ጀርባውን ከቅርብ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናነበዋለን።